የእንግሊዝኛ ፈሊጦችን በቦታቸው መጠቀም፦ ጎንደር ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ጎንደር ውስጥ እንግሊዝኛ ለሚማሩና በእንግሊዝኛ እንጀራቸውን ለሚበሉ ነው፦ ለፋሲል ግቢ አስጎብኚዎች፣ ለሰሜን ተራሮች መንገድ መሪዎች፣ ለሆቴል እንግዳ ተቀባዮች፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ለፈተና ለሚዘጋጁ። የእንግሊዝኛውን አነጋገር በራሳችን ፊደል ጽፈነዋል። ፊደላችን የእንግሊዝኛን ድምፅ ሁሉ ስለማይዝ አጠራሩን ከመዝገበ ቃላት ድምፅ ማዳመጥ ግድ ነው።

ፈሊጥ የሚባለው የትኛው ነው? ከተረትና ምሳሌ በምን ይለያል?

ቃላቱን አንድ በአንድ ቢፈቱት ትርጉሙ ላይ የማያደርስ አነጋገር ፈሊጥ ነው። «ዓይኑን በጨው ታጥቧል» ሲባል፣ ዓይንን፣ ጨውንና መታጠብን የሚያውቅ የውጭ ሰው ይሉኝታ ቢስነትን አያገኝበትም። «ስፒል ዘ ቢንስ»ም እንዲሁ ነው፤ ባቄላ መድፋት ይመስላል እንጂ ምስጢር ማውጣት ነው።

ተረትና ምሳሌ ራሱን የቻለ ሙሉ ሐሳብ ነው፤ ፈሊጥ ግን ሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ ነው የሚሠራው። ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ እኛ ዘንድ ጨዋታውን በተረት የሚያዋዛ ሰው አንደበተ ርቱዕ ይባላል፤ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ብለን አንከራከርበትም። በዛሬው እንግሊዝኛ ግን ተረት የሚደረድር ሰው ወይ ሰባኪ፣ ወይ ዘመኑ ያለፈበት ይመስላል። ባለቤቶቹ ራሳቸው ግማሹን ብለው ይተዉታል። «ዌን ኢን ሮም» ይሉና ቀሪውን፣ ማለትም «ሮማውያን እንደሚያደርጉት አድርግ» የሚለውን፣ ሰሚው ይሞላዋል። እንግዳዎ ሹካውን ትቶ እንጀራ በእጁ ሲቆርስ ይህን ቢል ስለ ጣልያን ሊያወራ አይደለም።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ተማሪ የሚንቀው፣ ጆሮ ግን ቀኑን ሙሉ የሚሰማው። «ራን አውት ኦቭ» (አለቀብን)፣ «ጌት አሎንግ ዊዝ» (ተስማማ)፣ «ፑት አፕ ዊዝ» (ቻለ፣ ታገሠ)፣ «ሜክ አፕ ማይ ማይንድ» (ወሰንኩ)። ቀለም የላቸውም፤ ሥራው ግን የእነሱ ነው።

ከየትኞቹ ልጀምር?

ከእነዚሁ ቀለም ከሌላቸው። ተማሪ ደብተሩን የሚከፍተው ብዙ ጊዜ «ኢትስ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» በሚለው ነው፤ ድመትና ውሻ ይዘንባል የሚለው ምስል ስለሚያስቅ ቶሎ ይያዛል። ችግሩ ዛሬ ሰው በተራ ወሬ እምብዛም አይለውም፤ አርጅቷል። ሐምሌና ነሐሴ ጎንደር ላይ ዶፍ ሲወርድ «ኢትስ ፖሪንግ» ማለት ይበቃል፣ የሚባለውም እሱ ነው።

ቅደም ተከተሉ ቢጠየቅ እንዲህ እንመክራለን። መጀመሪያ ንግግር የሚያያይዙትን፦ «ባይ ዘ ዌይ» (በነገራችን ላይ)፣ «ኢት ዲፔንድስ» (እንደ ሁኔታው ነው)፣ «አስ ፋር አስ አይ ኖው» (እኔ እስከማውቀው)፣ «ኢን ዘ ሎንግ ረን» (እየቆየ ሲሄድ)። ቀጥሎ በሥራዎ በየቀኑ የሚያጋጥሙትን። ሥዕላዊዎቹ በመጨረሻ ይምጡ፤ እነሱንም ቢሆን መጀመሪያ ለመረዳት ይያዟቸው። ሰምቶ የሚገባዎት ፈሊጥ ብዛት ከሚናገሩት አሥር እጥፍ ቢሆን ጉዳት የለውም። የተገላቢጦሹ ነው የሚያዋርደው።

አንድ ፈሊጥ ለመናገር መብቃቴን በምን አውቃለሁ? የእኛ መለኪያ ይህ ነው፦ ከሦስት የተለያዩ ሰዎች ወይም ምንጮች ካልሰሙት ወይም ካላነበቡት አይናገሩት። አንድ ፊልም ላይ አንድ ወንበዴ ያለው ነገር ለሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይሆን ይችላል።

ለማንም ልናገረው እችላለሁ?

አይችሉም። በዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህን ያንብቡ።

አማርኛ አክብሮትን በግሱ ይሸከማል፤ «አንተ» እና «አንቱ» አሉ፣ «ና» እና «ይምጡ» አሉ። ጎንደር ላይ አባትን የሚያህል ሰው «አንተ» ያለ ልጅ ምን እንደሚባል ማንም ያውቃል። እንግሊዝኛ ለሁሉም «ዩ» ይላልና ተማሪው በእንግሊዝኛ አክብሮት የለም ብሎ ይደመድማል። አክብሮቱ ግን አለ፤ የተቀመጠው በአነጋገሩ ምርጫ ውስጥ ነው። ፈሊጥ አብዛኛውን ጊዜ «አንተ» የሚያስብል ንግግር ነው፤ ለእኩያ፣ ለወዳጅ፣ ለጨዋታ። ለማያውቁት ሽማግሌ፣ ለፕሮፌሰር ወይም ለኤምባሲ ሠራተኛ የተላከ ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ አንቱን ሰው አንተ ማለት ይሆናል።

ዋናው ማስጠንቀቂያ «ኪክ ዘ በኬት» ነው። የፈሊጥ ዝርዝር ሁሉ «ሞተ» ብሎ ይፈታዋል፤ ትርጉሙ ልክ ነው። ነገር ግን የሹፈት አነጋገር ነው፤ «ተጠቀለለ» ከማለት አይርቅም። እናቱ ያረፉበትን እንግዳ በዚህ ቃል ማጽናናት ለቅሶ ቤት ገብቶ መሳቅ ነው። የጨዋው ቃል «ፓስት አዌይ» ሲሆን፣ ሐዘንተኛን ለማጽናናት ደግሞ «አይም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» የሚል የታወቀ ዓረፍተ ነገር አለ። ምንም አይጨምሩበት።

ለመምህር በሚጻፍ ኢሜይልም ሥዕላዊ ፈሊጥ አያስገቡ። «ዘ ቦል ኢዝ ኢን ዩር ኮርት» የሚለው «አሁን ተራው ያንተ ነው» ማለት ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ልኮ ይህን የሚጽፍ ተማሪ አማካሪውን ሳያውቀው አዘዘው። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዩር ፊድባክ» ይበቃል።

አንድ ቃል ብለውጥ ወይም ብረሳ ችግር አለው?

አለው። ፈሊጥ የቃላት ቅጥልጥል ሳይሆን እንደ አንድ ቃል የረጋ ነገር ነው። «ጥርሱን ነክሶ ቻለው» የሚለውን «ድዱን ነክሶ» ቢሉት አማርኛ አይሆንም፤ በእንግሊዝኛም እንዲሁ። ስሕተቱ የሚበዛው በአራት ቦታ ነው።

በጣም የሚጎዳን ትንንሾቹ ቃላት ናቸው፤ አማርኛ «ኤ» እና «ዘ»ን የመሰለ ለብቻው የሚቆም ቃል ስለሌለው ሳናውቀው እንጥላቸዋለን። «ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ» ማለት አግዘኝ ነው፤ «ጊቭ ሚ ዩር ሃንድ» ግን እጅህን ዘርጋልኝ። «ኦን ዘ ሀውስ» ሂሳቡ በቤቱ ነው፣ አይከፈልም ማለት ሲሆን «ኢን ዘ ሀውስ» ቤት ውስጥ ነው። አስተናጋጅ ሁለቱን ካደባለቀ በነጻ የቀረበ ቡና ሊያወዛግብ ይችላል። ሦስቱ የመንገድ አነጋገሮችም አሉ፦ «ባይ ዘ ዌይ» በነገራችን ላይ፣ «ኦን ዘ ዌይ» በመምጣት ላይ፣ «ኢን ዘ ዌይ» እንቅፋት ሆኖ። ሹፌሩ እየመጣ ነው ለማለት «ሂ ኢዝ ኢን ዘ ዌይ» ያለ ሰው ሹፌሩን መንገድ የዘጋ አድርጎታል።

ሁለተኛው ባለቤትነት ነው። «የ እገሌ» የሚባለው ቦታ ክፍት የሆነባቸው ፈሊጦች አሉ፦ «ዩ አር ፑሊንግ ማይ ሌግ» (እየቀለድክብኝ ነው)፣ «ሺ ቼንጅድ ሀር ማይንድ» (ሐሳቧን ቀየረች)። አማርኛ ይህን በቅጥያ ስለሚጨርሰው «ማይ» እና «ሀር» ይረሳሉ።

ሦስተኛው፣ ከአሉታ ጋር ብቻ የሚሄዱት። «ሂ ዲድንት ሊፍት ኤ ፊንገር» ማለት ጣቱን እንኳ አላነሳም፣ ምንም አላገዘም ነው። ያገዘን ሰው ለማመስገን «ሂ ሊፍትድ ኤ ፊንገር» ቢሉ ቃል በቃል ጣቱን አንሥቷል ይሆናል። «ኖት ማይ ካፕ ኦቭ ቲ» (የእኔ ምርጫ አይደለም) የሚባለውም ዘወትር ማለት ይቻላል ከ«ኖት» ጋር ነው።

አራተኛው የግሱ ቅርጽ። «አይ ኩድ ኢት ኤ ሆርስ» ሲሉ በጣም ርቦኛል ነው፤ «ኩድ»ን ወደ «ካን» ከለወጡት ፈረስ መብላት እችላለሁ የሚል መግለጫ ይመስላል፤ እኛ አገር ደግሞ ይህ ለጆሮም ይከብዳል። «ዘ ቢንስ ወር ስፒልድ» (ምስጢሩ ወጣ) ይባላል፤ «ዘ በኬት ዋዝ ኪክድ» ግን ሞትን ትቶ ባልዲ መምታት ብቻ ይቀረዋል። የትኛው እንደሚገለበጥ፣ የትኛው እንደማይገለበጥ የሚያሳይ ቀላል ሕግ የለም። በሰሙት ቅርጽ መያዝ ነው።

የአማርኛውን ፈሊጥ ብተረጉመው አይገባቸውም?

አንዳንዱ ይገባቸዋል፣ አንዳንዱ ያስቃል፣ አንዳንዱ ያጣላል። ከሚያጣላው እንጀምር።

«ልብ የለውም» ስንል አያስተውልም፣ ቁም ነገር የለውም ማለታችን ነው። «ሃርትለስ» ግን ጨካኝ ነው። የሚዘነጋ ባልደረባዎን በዚህ ቃል ቢገልጹት አረመኔ አደረጉት። «ትልቅ ጭንቅላት ያለው» ለእኛ ምስጋና ነው፤ «ቢግ ሄድድ» ግን የተኮፈሰ ማለት ነው። «እጅ አጠረኝ» የሚለውን ገንዘብ ያጣ ሰው «ሾርት ሃንድድ» ብሎ ቢተረጉመው ሰሚው ሠራተኛ ጎደለበት ብሎ ይረዳል፤ የሚፈለገው «መኒ ኢዝ ታይት» ነው። «ሆደ ሰፊ» የምንለው ታጋሽ ሰው በቀጥታ ሲተረጎም ቦርጫም ይሆናል። «አንጀቴን በላው»ንስ? አይሞክሩት። እንግሊዝኛው «ማይ ሃርት ዌንት አውት ቱ ሂም» ይላል። ሆድዎን ባር ባር ሲለዎት ደግሞ «በተርፍላይስ ኢን ማይ ስቶመክ» አይበሉ፤ ያ የፈተና ወይም የመድረክ ፍርሃት እንጂ ትካዜ አይደለም።

በሌላ በኩል ተቀራራቢ ሆነው የሚገጥሙ አሉ፤ እነሱን መያዝ አይከብድም። «እጅ ከፍንጅ» ለ«ሬድ ሃንድድ»፣ «ከድጡ ወደ ማጡ» ለ«አውት ኦቭ ዘ ፍራይንግ ፓን ኢንቱ ዘ ፋየር»፣ «በቁስሉ ላይ እንጨት ሰደደ» ለ«ረብ ሶልት ኢን ዘ ዉንድ»። የአዞ እንባ በሁለቱም ቋንቋ የአዞ እንባ ነው፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍም እንዲሁ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» በእንግሊዝኛ ጅብም ውሻም የለበትም፤ ፈረሱ ከሮጠ በኋላ የጋጣውን በር መዝጋት ይላሉ። «ላም አለኝ በሰማይ» ደግሞ ከ«ፓይ ኢን ዘ ስካይ» ጋር ሰማይ ላይ ይገናኛል፤ ልዩነቱ እንግሊዝኛው የሌላውን ሰው ዕቅድ ለማጣጣል ስለሚውል የባለሥልጣንን ዕቅድ ፊት ለፊት እንዲህ ማለት ድፍረት ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ በኩል የማውቃቸው ይጠቅሙኛል?

በእጅጉ። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ለእንግሊዝኛ ብዙ ፈሊጥ አውርሷል፤ አብዛኛውን የጎንደር ሰው ከቤተ ክርስቲያን ያውቀዋል። በዳንኤል ምዕራፍ 5 ብልጣሶር ግብዣ ላይ ግድግዳው ላይ የጻፈችው እጅ «ዘ ራይቲንግ ኢዝ ኦን ዘ ዎል» ሆናለች፤ ዛሬ ድርጅት ሊዘጋ ምልክቱ ሲታይ ይባላል። በዘዳግም 32፥10 ያለው የዓይን ብሌን «ዘ አፕል ኦቭ ሂዝ አይ» ነው፤ ለሚሳሱለት ልጅ ይውላል። በኢሳይያስ 40፥15 ያለችው የገንቦ ጠብታ «ኤ ድሮፕ ኢን ዘ በኬት» ናት፤ ከሚያስፈልገው አንጻር ኢምንት ለሆነ ገንዘብ ወይም እርዳታ። የበግ ለምድ የለበሰው ተኩላ (ማቴዎስ 7፥15) እና ዕውርን የሚመራው ዕውር (ማቴዎስ 15፥14) ትርጉማቸውን አልለወጡም።

የተለወጠም አለ። «የምድር ጨው» በስብከት ሲነሣ አርአያና ምስክር መሆንን ያመለክታል፤ «ዘ ሶልት ኦቭ ዘ ኧርዝ» ግን በተራ ወሬ ዝናና ሀብት የሌለው፣ ቅን፣ ታማኝ ሰው ማለት ነው። ለገበሬ ወይም ለጥበቃ ሠራተኛ ያማረ ምስጋና ነው፤ ለሚኒስትር ግን ግራ ያጋባል። ከኢዮብ 19፥20 የመጣው «ባይ ዘ ስኪን ኦቭ ማይ ቲዝ» ደግሞ ለጥቂት ተረፍኩ ማለት ሲሆን አውቶቡስ ሊያመልጠው ሲል ለደረሰም ሰው ይሆናል። ለመናገር አማኝ መሆን አያስፈልግም፤ የሚሉት ብዙዎች ምንጩን አያውቁትም።

እንግዶች የሚሉትን ሳልረዳ እቀራለሁ። የትኞቹን ልወቅ?

የሚደጋገሙት ጥቂት ናቸው፤ ጥፋቱ የሚመጣው ቃላቱ ቀላል ስለሆኑ ነው። እንግሊዛዊ «አይ ኩድ መርደር ኤ ኮፊ» ቢል ማንንም ሊገድል አይደለም፤ ቡና አምሮታል። «ኢትስ ኦን ሚ» ሂሳቡ በእኔ። «ሌትስ ፕሌይ ኢት ባይ ኢር» አስቀድመን አንወስን፣ ሁኔታውን እያየን እንሂድ፤ ለጎንደር ዙሪያ ጉዞ መጓጓዣ ለሚያዘጋጅ ሰው ይህ «መኪናውን ገና አታስይዝ» ማለት ነው። «ሌትስ ኮል ኢት ኤ ዴይ» ለዛሬ ይብቃን። «ካን አይ ቴክ ኤ ሬይን ቼክ» ያለ አሜሪካዊ ግብዣውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፉልኝ ማለቱ ነው። ሰማዩን አይዩ፤ አነጋገሩ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ዝናብ ላቋረጠው የቤዝቦል ጨዋታ ተመልካች ከሚሰጥ ትኬት ነው።

«ዛትስ ኤ ቢት ስቲፕ» ሁለት ቦታ ሁለት ነገር ነው። የሽመና ዕቃ ሱቅ ውስጥ ዋጋው ተወደደ፤ ከደባርቅ በላይ መንገድ ላይ ደግሞ ዳገቱ በረታ። የእንግሊዞች «ኤ ቢት» ብዙ ጊዜ ትንሽ ማለት አይደለም፤ ቅሬታን በጨዋነት ማሳነስ ነው። ስለዚህ የቀለለ ቅሬታ ነው ብለው አይለፉት።

ተራራ ላይ ግን ፈሊጥ ለሁለቱም ወገን አደጋ አለው። «አይ ፊል ኤ ቢት አንደር ዘ ዌዘር» ማለት አየሩ ከበደኝ ሳይሆን ትንሽ አመመኝ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለ እንግዳ ይህን ሲል የከፍታ ሕመም መጀመሪያ ሊሆን ስለሚችል በፈሊጥ አይመልሱ። በግልጽ ቃል ይጠይቁ፦ ራስ ምታት አለ? ያቅለሸልሻል? ያዞራል? ቀጥ ብለው መራመድ ይችላሉ? «አይም ኦን ማይ ላስት ሌግስ» ያለው እግሩን አልተሰበረም፤ ዝሏል። እንዲያርፍ ያድርጉ።

ግቢው ውስጥ አስጎብኚ ለሚናገረውም አንድ ነገር እንጨምር። በ1979 በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበው ፋሲል ግቢ ሲነገር «ዘ ጁወል ኢን ዘ ክራውን» የሚል ይወደዳል። «ከሁሉ የበለጠው» ማለት ነው፤ ግን በቤተ መንግሥት ደጃፍ ስለ ዘውድና ዕንቁ ሲወራ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ እንግዳ ዕንቁው የት ተቀመጠ ብሎ ይጠይቃል። «የአፍሪካ ካሜሎት» የሚለውም የሚሠራው የንጉሥ አርተርን አፈ ታሪክ ለሚያውቅ ብቻ ነው። ከጀርመን፣ ከጣልያን ወይም ከቻይና ለመጣ ቡድን ግልጽ እንግሊዝኛ ከየትኛውም ፈሊጥ ይበልጣል። ይህን ስንል ብዙ አስጎብኚዎች ቅር ይላቸዋል፤ እኛ ግን አንለውጠውም።

የእንግሊዝን ልማር ወይስ የአሜሪካን?

ሁለቱንም ይረዱ፣ በአንዱ ይናገሩ። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የአንድ ቃል ነው፦ ክፉ እንዳይገጥም ሲባል እንግሊዝ «ተች ዉድ»፣ አሜሪካ «ኖክ ኦን ዉድ»። ችግርን መሸፋፈን ለእንግሊዙ ከምንጣፍ «ካርፔት» ሥር፣ ለአሜሪካዊው ከ«ረግ» ሥር መጥረግ ነው። በትንሽ ነገር ግርግር መፍጠር በእንግሊዝ «ኤ ስቶርም ኢን ኤ ቲካፕ»፣ በአሜሪካ «ኤ ቴምፔስት ኢን ኤ ቲፖት»። እነዚህን ቢቀላቅሉ ማንም አይሳሳትም። የሚያሳስተው አንድ አለ፦ በስብሰባ «ቴብል» የሚለው ግስ በእንግሊዝ አጀንዳውን ለውይይት ማቅረብ ሲሆን በአሜሪካ ለሌላ ጊዜ ማሳደር ነው። ከሁለቱም አገር ሰው ያለበት የፕሮጀክት ስብሰባ ላይ ቃሉ ሲነሣ የትኛውን እንደሆነ ይጠይቁ።

ለአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ ፈተና) ፈሊጥ ካልተጠቀምኩ ነጥብ አላገኝም?

ይህ ወሬ ብዙ ተማሪ ያበላሻል። የንግግር ፈተናው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው፤ የሚመዘነው በአራት እኩል መስፈርቶች ነው፦ ቅልጥፍናና ትስስር፣ ቃላት፣ ሰዋስው፣ አጠራር። የቃላቱ መስፈርት ደረጃ 7 ላይ ብዙም ያልተለመዱና ፈሊጣዊ ቃላትን አልፎ አልፎ መጠቀምን ይጠቅሳል፤ የምርጫ ስሕተት ቢኖርም ያልፋል። ተማሪው ይህን አንብቦ ሃያ ፈሊጥ ሸምድዶ ይገባል፤ ስለ ሰፈሩ ሲጠየቅ «ኤ ፒስ ኦቭ ኬክ» (በጣም ቀላል ነገር)፣ «ዋንስ ኢን ኤ ብሉ ሙን» (ከስንት አንድ ጊዜ) እያለ ያዘንበዋል። ፈታኙ የተሸመደደውን ወዲያው ይለየዋል። ፈሊጣዊ የተባለውም ሥዕላዊው ብቻ አይደለም፤ «አይ ካንት ስታንድ ዘ ኖይዝ» (ጫጫታውን አልችለውም) ወይም «ኢት ቱክ ሚ ኤጅስ» (ስንት ጊዜ ፈጀብኝ) ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል። በጠቅላላው ንግግር ሁለት ሦስት፣ በቦታቸው ከገቡ፣ ይበቃሉ።

በጽሑፍ ፈተናው፣ በተለይ 250 ቃል በሚጠይቀው ድርሰት፣ ሥዕላዊ ፈሊጥ ጨርሶ ይቅር።

እንዴት ልፈልገው፣ እንዴት ልመዝግበው?

የኦክስፎርድና የካምብሪጅ የተማሪ መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ። በኦክስፎርዱ ፈሊጡን በመጀመሪያው ዋና ቃል ይፈልጉ፤ «ስፒል ዘ ቢንስ» «ስፒል» ሥር ነው። «ጌት»፣ «ሜክ» የመሳሰሉት በጣም የተለመዱ ግሶች ግን ፈሊጣቸው ስለሚበዛ ወደሚቀጥለው ቃል ይሂዱ። ዝርዝሩ ከገጹ ግርጌ ነው። ከትርጉሙ በፊት በቅንፍ የተጻፈችውን ምልክት ያንብቡ፦ «ኢንፎርማል» (የወዳጅ)፣ «ኦልድ ፋሽንድ» (ያረጀ)፣ «ሂዩመረስ» (የቀልድ)፣ «ዲሳፕሩቪንግ» (የነቀፋ)። ብዙ ሰው የሚዘላት እሷን ነው፤ ብዙ ስሕተትም የሚመጣው ከዚያ ነው። ጎግል ትርጉምን ለዚህ አይመኑ፤ ፈሊጡን አንዳንዴ ያውቀዋል፣ አንዳንዴ ባቄላውን ያፈሰዋል።

የበለጠ ማጣራት የሚፈልግ ኮካ የተባለውን የአሜሪካ እንግሊዝኛ ስብስብ ይክፈት። ከ1990 እስከ 2019 የተነገረና የተጻፈ፣ 1 ቢሊዮን የሚደርስ ቃል አለው፤ ለመጠቀም መመዝገብ ያስፈልጋል። ፈሊጡን ሲያስገቡ በፊልም፣ በጋዜጣና በምርምር ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደመጣ ለየብቻ ያሳያል። ፊልም ላይ በዝቶ ምርምር ላይ የጠፋ ከሆነ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍዎ አይሆንም።

ሲመዘግቡ «ፈሊጥ — ትርጉም» ብለው ሁለት ዓምድ አያስምሩ። የሰሙትን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ማን ለማን እንዳለው፣ የት፤ የትኛው ቃል እንደሚለወጥ፤ ምልክቷን፤ በመጨረሻም በግልጽ እንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል። በሳምንት ከሦስት አይለፉ። በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱና በወሩ ዓረፍተ ነገሩን ሸፍነው ለማስታወስ ይሞክሩ።

አጠራሬ ፈሊጡን ያበላሻል?

ሊያበላሽ ይችላል። በ«ስ» ጀምሮ ሌላ ተነባቢ ሲከተል «እ» እንጨምርበታለን፤ «እስፒል»፣ «እስቲፕ» እንላለን። ይህ ይገባቸዋል። የሚከፋው ረጅምና አጭር «ኢ» ነው፤ በፊደላችን ሁለቱም «ሺፕ» ተብለው ይጻፋሉ። የቤተሰቡ አሳፋሪ የሚባለው «ብላክ ሺፕ» በረጅሙ በግ ነው፤ ካሳጠሩት ጥቁር መርከብ ይሆናል። «ኤ ፒስ ኦቭ ኬክ» ሲሉም «ፒ»ን ያስረዝሙት፤ አጭሩ ነውር ቃል ነው። ድምፁ የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ዋና ቃል ላይ ነው፦ «ስፒል ዘ *ቢንስ*»።

ኢንተርኔት ላይ የፈሊጦቹን አመጣጥ የሚተርኩ አሉ። ልመናቸው?

አብዛኛውን አይመኑ። ድመትና ውሻ ከሣር ክዳን ላይ በዝናብ ይወድቁ ነበር የሚለው ተረት በ1999 በኢሜይል የተሠራጨ ፈጠራ ነው። ለማስታወስ ከረዳዎት ይያዙት፤ ለእንግዳ እንደ ታሪክ አይንገሩት።

ያልገባኝን ስሰማ ምን ልበል? እኔ ስሳሳትስ?

«ሶሪ፣ ዋት ዱ ዩ ሚን ባይ ዛት?» ይበሉ፤ ነውር የለውም። ራስ መነቅነቅ ግን ጣጣ አለው፤ እንግዳው እንደተግባባችሁ ይቆጥራል። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንላት «አዎ»ም ለማያውቃት ሰው ድንጋጤ ትመስላለችና ከባድ ነገር ሲነገር በ«የስ» ይተኳት።

ተሳስተው ሰሚው ቅር ሲለው ወይም ሲስቅ ካዩ ፈሊጡን አያብራሩ፣ አይከራከሩም። «ሶሪ፣ አይ ሚን» ብለው ሐሳብዎን በተራ ቃላት ይድገሙና ጨዋታውን ይቀጥሉ። ሰሚው ወዳጅ ከሆነ ትክክለኛውን ራሱ ይነግርዎታል፤ ያን ጊዜ ከነዓረፍተ ነገሩ ደብተርዎ ላይ ይስፈር።